የሕዝብ ስርጭትና የዲጂታል ቁልፍ፦ የሕዝብ ብሮድካስተሮች ለታዳሚያቸው ያለባቸው የግልጽነት ግዴታ



የሕዝብ ብሮድካስተር የሚባለው ተቋም ከንግድ ጣቢያም ሆነ ከመንግሥት ልሳን የሚለየው በሦስት ነገሮች ነው፤ የሚተዳደርበት ገንዘብ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሕዝብ የሚሰበሰብ ነው፣ ሀብታምና ድኻ፣ ከተሜና ገጠሬ ሳይለይ ለሁሉም የመድረስ ተልእኮ አለበት፣ ስለ ሥራውም መልስ የሚሰጠው ለተመልካቹና ለአድማጩ ነው። ይህ ዲስኩር የሚመረምረው እነዚህ ሦስት ባሕርያት ከዲጂታል ቴክኖሎጂ ጋር ሲገናኙ የተነሣውን አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የሕዝብ ብሮድካስተር በሕዝብ ገንዘብ በሠራው ወይም በገዛው ፕሮግራም ላይ የቴክኖሎጂ ቁልፍ ሲያደርግ ስለዚያ ቁልፍ ለታዳሚው ምን ያህል ሊናገር ይገባል የሚለው ነው። የዲስኩሩ አቋም ከወዲሁ ይገለጽ፤ ብሮድካስተሩ ቁልፍ እንዲያደርግ የሚያስገድደው ሁኔታ ሊኖር ይችላል፣ ምክንያቱን ከታዳሚው የመደበቅ መብት ግን የለውም፤ ማብራሪያውም ሊቀርብ የሚገባው ውሉ ከመፈረሙና መሣሪያው ለገበያ ከመውጣቱ አስቀድሞ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ቃላቱን ማብራራት ያስፈልጋል። የቅጂ መብት ማለት አንድን የፈጠራ ሥራ የማባዛት፣ የማሰራጨትና ለሕዝብ የማቅረብ መብት ለሥራው አመንጪ ወይም መብቱ ለተላለፈለት ሰው በሕግ የሚሰጥበት ሥርዓት ነው። የዲጂታል መብቶች አስተዳደር፣ በምህጻሩ ዲአርኤም፣ የሚባለው ደግሞ ይህን መብት በሕግ ኃይል ከማስከበር አልፎ በቴክኖሎጂ ለማስከበር የተዘጋጀ ስልት ነው። የሚሠራውም በአመዛኙ እንዲህ ነው፤ ፕሮግራሙ ይመሰጠራል፣ ማለትም ትክክለኛው ቁልፍ ለሌለው መሣሪያ ትርጉም አልባ የቁጥር ክምር እንዲሆን ይደረጋል፤ ቁልፉ የሚሰጠው ባለመብቱ ያወጣቸውን ደንቦች ለማክበር በውል ለተስማማ የመሣሪያ ወይም የሶፍትዌር አምራች ነው፤ ደንቦቹም ፕሮግራሙ ለስንት ቀን እንደሚታይ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቀዳ፣ በየትኛው አገርና በምን ዓይነት መሣሪያ ላይ እንደሚከፈት ይወስናሉ።

በሕጉና በቁልፉ መካከል ያለው ልዩነት ለጉዳዩ መሠረታዊ ነው። የቅጂ መብት ሕግ በብዙ አገሮች ልዩ ሁኔታዎችን ያውቃል፤ መምህር ለክፍል ማስተማሪያ ቆርጦ እንዲያሳይ፣ ሐያሲ ለትችቱ እንዲጠቅስ፣ ዓይነ ስውር በሚስማማው መልክ እንዲያገኝ፣ የመብቱ ጊዜ ሲያበቃም ሥራው የሁሉም እንዲሆን ይፈቅዳል። ቁልፉ ግን የያዘውን ሰው ማንነትም ሆነ ዓላማ መለየት አይችልም፤ የታዘዘውን ይከለክላል፣ ሌላ አያውቅም። በ1996 የወጣው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የቅጂ መብት ስምምነት፣ እሱንም ተከትሎ በ1998 በአሜሪካ የወጣው ሕግና በ2001 የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ እንዲህ ያሉ ቁልፎችን ከመሰበር የሚጠብቅ የሕግ ከለላ ሰጧቸው። ስለዚህ ተመልካቹ በሦስት እርከን ይታጠራል፤ በመጀመሪያ ከእሱ ጋር ባልተደረገ ውል፣ ቀጥሎ ውሉን በሚያስፈጽም ቁልፍ፣ በመጨረሻም ቁልፉን በሚጠብቅ ሕግ። ከሦስቱ በአደባባይ ክርክር ተደርጎበት የጸደቀው ሕጉ ሲሆን፣ ዝርዝሩን የሚወስነው ውል ግን በዝግ ክፍል የሚጻፍ ሰነድ ነው። የግልጽነት ጥያቄ ከሌሎች ጥያቄዎች ሁሉ የሚቀድመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቤት ውስጥ ሆኖ ከአየር ላይ መቅዳት ከዲጂታል ዘመን በፊትም አከራክሯል። የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች የሶኒን የቪዲዮ መቅጃ ለማሳገድ በከፈቱት ክስ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 1984 በ5 ለ4 ድምፅ በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ሰው በሰዓቱ ሊያየው ያልቻለውን ፕሮግራም በኋላ ለማየት ቤቱ መቅዳቱ የተፈቀደ አጠቃቀም መሆኑን አረጋገጠ። በዚያ ክርክር ከቀረቡት ምስክሮች አንዱ በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ያዘጋጅ የነበረው ፍሬድ ሮጀርስ ሲሆን፣ ቤተሰቦች ፕሮግራሙን ቀድተው በሚመቻቸው ጊዜ አብረው ማየታቸውን እንደማይቃወም መሰከረ፤ ፍርድ ቤቱም ቃሉን በውሳኔው ጠቀሰ። ብሪታንያ ደግሞ በ1988 ባወጣችው የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ በሌላ ሰዓት ለማየት ሲባል ለግል ጥቅም ከስርጭት መቅዳትን በግልጽ ፈቀደች።

የዚህ ልማድ ጥቅም ለግለሰቡ ምቾት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የብሪታንያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን፣ ቢቢሲ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የራሱን ብዙ ፕሮግራሞች አጥፍቷል፤ ታዋቂ ከሆነው ዶክተር ሁ ከተባለው ተከታታይ ድራማ እንኳ ወደ 100 የሚጠጉ ክፍሎች ምስላቸው ለረጅም ዘመን ጠፍቶ ቆይቷል። የጠፉት ክፍሎች ድምፅ ግን ሙሉ በሙሉ ተርፏል፤ የተረፈውም ተመልካቾች በየቤታቸው ቴሌቪዥኑ አጠገብ የቴፕ መቅጃ አስቀምጠው ስለቀዱት ነው። ተቋሙ የጣለውን ቅርስ ታዳሚው ጠብቆ መልሶለታል፤ ስለሆነም ታዳሚውን በመላ እንደ ተጠርጣሪ ቀጂ የሚቆጥር ማንኛውም ሥርዓት ይህን ታሪክ ከፊቱ አስቀምጦ ሊያስብ ይገባዋል።

ቢቢሲ ለዚህ ጥናት ዋና ምሳሌ የሚሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በ1922 በኩባንያነት ተመሥርቶ ከጥር 1 ቀን 1927 ጀምሮ በንጉሣዊ ቻርተር፣ ማለትም የተቋሙን ዓላማና ነፃነት በሚደነግግ የመንግሥት መሥራች ሰነድ፣ የሚተዳደር የሕዝብ ተቋም ሆኗል። በአገር ውስጥ የሚያከናውነው ሥራ በዋናነት የሚደገፈው ቴሌቪዥን የሚመለከት እያንዳንዱ ቤተሰብ በሚከፍለው የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ሲሆን፣ መጠኑ በሚያዝያ 2025 በዓመት 174.50 ፓውንድ ነበር፤ ይህን ሳይከፍሉ ቴሌቪዥን ማየት እስከ 1,000 ፓውንድ ሊያስቀጣ የሚችል የወንጀል ጥፋት ነው። የንግድ ጣቢያ ደንበኛ ያልተስማማው ነገር ቢገጥመው ውሉን አቋርጦ መሄድ ይችላል፤ የፈቃድ ክፍያ ከፋይ ግን እንዲህ ያለው መውጫ በእጅጉ የጠበበበት ነው። ክፍያው ግዴታ በሆነበት ስፍራ ማብራሪያውም ግዴታ መሆን አለበት የሚለው መርሕ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ይህ ሲባል የባለመብቶችን አቤቱታ ማቃለል ተገቢ አይሆንም። አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከውጭ ሲታይ አንድ ነገር ይመስላል እንጂ በውስጡ የደራሲው፣ የተዋንያኑ፣ የሙዚቃ አቀናባሪው፣ የፎቶግራፍ ባለቤቱና የአዘጋጅ ድርጅቱ መብቶች ተሰናስለው ይገኛሉ። ከዚህም በላይ የብሪታንያ ሕግ ቢቢሲ ከፕሮግራሞቹ ቢያንስ 25 በመቶውን ከገለልተኛ አዘጋጆች እንዲያሠራ ያዘዘ ሲሆን፣ ከ2003ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ ወዲህ እነዚህ አዘጋጆች ከስርጭቱ ባሻገር ያሉትን መብቶች በእጃቸው የማስቀረት አቅም አግኝተዋል። ፕሮግራሙን ለሌላ አገር ጣቢያ ሸጠው ወይም በዲስክ አሳትመው የሚያገኙት ገቢ ለብዙዎቹ መተዳደሪያቸው ነው። የተዋናዩና የደራሲው ድካም ዋጋ እንዲያገኝ መፈለግ ፍትሐዊ ፍላጎት ነው፤ አከራካሪው ነገር ያ ፍላጎት በምን መሣሪያ፣ በማን ወጪና በማን ፊት ቀርቦ ይሟላል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ክርክር የተነሣው በአይፕሌየር ላይ ነው። አይፕሌየር ማለት ተመልካቹ ያመለጠውን የቢቢሲ ፕሮግራም በኢንተርኔት የሚያገኝበት አገልግሎት ሲሆን፣ ከመጀመሩ በፊት በዚያን ጊዜ የፈቃድ ከፋዮችን ጥቅም እንዲያስጠብቅ በተቋቋመው በቢቢሲ ትረስት ዘንድ የሕዝብ ጥቅም ምዘና ተደርጎበታል። ይህ ምዘና አንድ አዲስ አገልግሎት ለሕዝብ የሚያስገኘውን ጥቅም በገበያው ላይ ከሚያሳድረው ጫና ጋር የሚያመዛዝን፣ የሕዝብ አስተያየትም የሚሰበሰብበት ሂደት ነው። ትረስቱ ሚያዝያ 30 ቀን 2007 አገልግሎቱን ሲያጸድቅ፣ የወረደ ፕሮግራም በተመልካቹ ኮምፒዩተር ላይ የሚቆይበት ጊዜ የቢቢሲ አመራር ካቀረበው 13 ሳምንት ወደ 30 ቀን እንዲያጥር አደረገ፤ በአንጻሩም አገልግሎቱ ከአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር ጋር ሳይታሰር በሁሉም ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ የሚጠይቅ ግዴታ ጣለ፣ አፈጻጸሙንም በየስድስት ወሩ እንደሚመረምር አስታወቀ።

አገልግሎቱ ሐምሌ 27 ቀን 2007 ለሙከራ ሲከፈት ግን የሚሠራው በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ፕሮግራሞቹ የተቆለፉት በማይክሮሶፍት የዲአርኤም ቴክኖሎጂ ነበር። የአፕል ማኪንቶሽና የሊነክስ ተጠቃሚዎች፣ እነሱም እንደሌላው ሁሉ የፈቃድ ክፍያውን የከፈሉ፣ ከደጅ ቀሩ። ሊነክስ ማለት ማንም በነፃ ሊጠቀምበት፣ ውስጡን ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የሚችል የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና ሲሆን፣ በባሕርይው ምስጢር ከሚሻ ቁልፍ ጋር በቀላሉ የማይጣጣም ነው። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የቀረበው የተቃውሞ ማመልከቻ ከ16,000 በላይ ፊርማ አገኘ፤ በነሐሴም ሰልፈኞች በለንደንና በማንቸስተር በቢቢሲ ሕንፃዎች ፊት ቆሙ።

በዚህ ክርክር መካከል የተከሰተ አንድ ነገር የግልጽነትን ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳያል። የቢቢሲ የቴክኖሎጂ ዘርፍ ኃላፊ የነበረው አሽሊ ሃይፊልድ በዚያው ዓመት፣ የተቋሙን ድረ ገጽ በብሪታንያ ውስጥ ከሚጎበኙት 17.1 ሚሊዮን ሰዎች መካከል ሊነክስ የሚጠቀሙት ከ400 እስከ 600 የሚሆኑ ብቻ እንደሆኑ ተናገረ። የሊነክስ ተጠቃሚዎች አሃዙን ባለመቀበል ሲሞግቱ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ ኃላፊው ራሱ እርማት አወጣ፤ እንደ ቆጠራው ዘዴ ቁጥሩ ከ36,600 እስከ 97,600 እንደሚደርስ ገለጠ። በሁለቱ አሃዞች መካከል ያለው ልዩነት ከ60 እጥፍ ይበልጣል። ማረሙ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ዋናው ትምህርት ያለው አሃዙ በአደባባይ ባይነገር ኖሮ ሊታረም የማይችል በመሆኑ ላይ ነው። በተዘጋ ስብሰባ ውስጥ የቀረበ ስሕተት ለውሳኔ መሠረት ሆኖ ይቀራል፤ በሕዝብ ፊት የቀረበ ስሕተት ግን ከተቋሙ ባለሙያዎች የተሻለ የሚያውቅ ዜጋ ያርመዋል። ስለዚህ ግልጽነት ለታዳሚው የሚቸር ስጦታ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ተቋሙ ራሱ በትክክል እንዲወስን የሚረዳው የሥራ ስልት ነው።

ቀጣዮቹ ወራት ሌላ ተቃርኖ አሳዩ። በታኅሣሥ 2007 ፕሮግራሞቹን ሳያወርዱ በቀጥታ በድረ ገጽ የማየት አገልግሎት ለማክና ለሊነክስ ተጠቃሚዎችም ተከፈተ፤ በመጋቢት 2008 ደግሞ ቢቢሲ ለአፕል አይፎን ተጠቃሚዎች ያለ ዲአርኤም ፕሮግራሞችን ማቅረብ ጀመረ። የተካኑ ሰዎች ኮምፒዩተራቸው አይፎን መስሎ እንዲታይ በማድረግ ያልተቆለፉትን ፕሮግራሞች ማውረድ ቻሉ፤ ቢቢሲ ቀዳዳውን ሲደፍን ሌላ ቀዳዳ ይገኝ ነበር። አስተዋይ ተመልካች እዚህ ላይ መጠየቁ አይቀርም፤ ያለ ቁልፍ ማቅረብ በባለመብቶች ውል ፈጽሞ የተከለከለ ከነበረ ለአንድ ኩባንያ ስልክ እንዴት ተፈቀደ? ከተፈቀደስ ለሌሎቹ ለምን ተከለከለ? ጥያቄው ተገቢ መልስ ሊኖረው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን መልሱ የሚገኘው በማይታዩ ውሎች ውስጥ በመሆኑ ታዳሚው የሚመዝንበት ነገር አልነበረውም።

ሁለተኛው ክርክር ከአየር ላይ በነፃ የሚተላለፈውን ባለ ከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን፣ ፍሪቪው ኤችዲ የተባለውን፣ የሚመለከት ነው። በነሐሴ 2009 ቢቢሲ ኦፍኮም ለተባለው የብሪታንያ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ደብዳቤ ጻፈ። የሕዝብ ስርጭት ምስሉና ድምፁ ሳይመሰጠር መተላለፍ ስላለበት፣ የቀረበው ሐሳብ ቁልፉን በሌላ ስፍራ የሚያስቀምጥ ነበር፤ ሪሲቨሩ ጣቢያዎቹንና የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ለማወቅ የሚያነበው የአገልግሎት መረጃ በልዩ የኮድ ሠንጠረዥ እንዲታመቅ፣ ሠንጠረዡም የሚሰጠው የቅጂ ቁጥጥር ደንቦችን በመሣሪያቸው ውስጥ ለመትከል ለተስማሙ አምራቾች ብቻ እንዲሆን ተጠየቀ። በቃል ደረጃ ስርጭቱ ክፍት ነው፤ በተግባር ግን የፕሮግራም ዝርዝሩን ማንበብ የማይችል ሪሲቨር ማንም አይገዛውም፤ በመሆኑም ፈቃዱን ያልወሰደ አምራችና ነፃ ሶፍትዌር የሚሠራ ባለሙያ ከገበያው ይወጣሉ።

ጉዳዩ የሚሊዮኖችን ቤት የሚነካ ሆኖ ሳለ ኦፍኮም ለመጀመሪያው የሕዝብ አስተያየት የሰጠው ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። በዲጂታል መብቶች ላይ የሚሠራው ኦፕን ራይትስ ግሩፕና በርካታ ዜጎች ሐሳቡን ተቃወሙ፤ ኦፍኮምም በዚያው ዓመት ኅዳር የቀረበለት ማስረጃ በቂ እንዳልሆነ ለቢቢሲ ገለጠ። በጥር 2010 ሁለተኛና ሰፊ የአስተያየት ማሰባሰቢያ ተከፈተ፤ ሰኔ 14 ቀን 2010 ጥያቄው ጸደቀ። በሂደቱ ቢቢሲ ያቀረበው ዋና መከራከሪያ፣ ቁልፉ ከሌለ ባለመብቶች ምርጥ ፕሮግራሞቻቸውን ለነፃ ስርጭት አይሰጡም፣ ይህም ድኻውን ተመልካች ይጎዳል የሚል ነበር። መከራከሪያው ከባድ ነው፤ እውነት ከሆነ ብዙ ይመዝናል። ይሁን እንጂ ዛቻውን ያቀረቡት ባለመብቶች እነማን እንደሆኑ፣ የትኞቹን ፕሮግራሞች ለማስቀረት እንዳሰቡ፣ ያንን ያሉትም በምን ሰነድ እንደሆነ ሕዝቡ አስተያየቱን በሚሰጥበት ጊዜ በሙላት አልቀረበለትም። ማስረጃው ያልታየ ዛቻ ላይ አስተያየት መጠየቅ አስተያየት ሰጪውን በጭለማ እንዲመዝን ማስገደድ ነው።

እንዲህ ያለ ዛቻ ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባ ለመመዘን የአሜሪካ ልምድ ይረዳል። በዚያ አገር ብሮድካስት ፍላግ የተባለ፣ በዲጂታል ስርጭት ውስጥ የሚቀመጥ የቅጂ መከልከያ ምልክት በሁሉም የቴሌቪዥን መሣሪያዎች እንዲከበር ዘመቻ ሲደረግ፣ የሲቢኤስ ጣቢያ ባለቤት የነበረው ቫያኮም ምልክቱ በ2003 በጋ ካልጸደቀ ለቀጣዩ ወቅት በከፍተኛ ጥራት ፕሮግራም እንደማያቀርብ ለአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በጽሑፍ አሳወቀ። ኮሚሽኑ ደንቡን ያወጣው በኅዳር 2003 ሲሆን ተፈጻሚነቱ ለሐምሌ 2005 ተቀጠረ፤ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 6 ቀን 2005፣ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበርና አጋሮቹ ባቀረቡት አቤቱታ የይግባኝ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም ብሎ ደንቡን ሻረው። ደንቡ አንድም ቀን ሳይሠራበት ቀረ፤ የከፍተኛ ጥራት ስርጭቱ ግን ቀጠለ፣ አገሪቱም በሰኔ 2009 ሙሉ ኃይል ያላቸውን ጣቢያዎቿን ከአናሎግ ወደ ዲጂታል አሸጋገረች። የአሜሪካው ዛቻ ስምና ቀን ይዞ በሰነድ የቀረበ በመሆኑ በኋላ ከሆነው ጋር ሊነጻጸር ቻለ። ስም የሌለው ዛቻ ግን ባይፈጸምም የሚጠየቅበት የለም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳዩ የሕዝብ ብሮድካስተሮችም አሉ። የኖርዌይ የሕዝብ ብሮድካስተር ኤንአርኬ በጥር 2008 ኖርድካሎተን 365 የተባለውን ተወዳጅ የተፈጥሮና የጉዞ ተከታታይ ፕሮግራም ያለ ምንም ቁልፍ በቢትቶረንት አሰራጨ፤ ቢትቶረንት ማለት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ፋይሉን እርስ በርስ እየተካፈሉ የሚያሰራጩበት ዘዴ በመሆኑ የብሮድካስተሩን ወጪ ይቀንሳል። በ2009ም ከበርገን እስከ ኦስሎ ሰባት ሰዓት ያህል የሚፈጀውን የባቡር ጉዞ ያለማቋረጥ ካሰራጨ በኋላ ምስሉን ሰዎች እንዲያወርዱት፣ እንዲያቀናብሩትና እንዲያጋሩት በሚፈቅድ ፈቃድ ለቀቀው። የካናዳው ሲቢሲም በመጋቢት 2008 አንድ የውድድር ፕሮግራሙን በቢትቶረንት ያለ ቁልፍ አቅርቧል፤ የጀርመኑ ዜድዲኤፍ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ቴራ ኤክስ ከተባለው የሳይንስና የታሪክ ፕሮግራሙ የተወሰዱ አጫጭር ምስሎችን ለትምህርትና ለዕውቀት ሥራ ክፍት በሆነ ፈቃድ እየለቀቀ ነው። እነዚህ ተቋማት ሁሉንም ፕሮግራም አልከፈቱም፤ የከፈቱት መብቱ በእጃቸው ያለውን ነው። ይህም ራሱ ያስተምራል፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራና መብቱ የተቋሙ የሆነ ፕሮግራም ከሌሎች ባለመብቶች ውል ጋር በአንድ ሚዛን ተለክቶ መቆለፍ የለበትም።

ጀርመን ከዚህ በተለየ መንገድም ታስተምራለች። ከሰኔ 2009 ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የክልሎች የብሮድካስት ስምምነት የሕዝብ ጣቢያዎች ብዙ ፕሮግራሞቻቸውን ከተሰራጩ ከሰባት ቀን በኋላ ከኢንተርኔት እንዲያነሡ ተገደዱ፤ ለረጅም ጊዜ ሊቆዩ የሚችሉትም ምክንያታቸውን በሦስት ደረጃ የሚመረምር ምዘና እንዲያልፉ ተደረገ። ገደቡ ጥብቅ ነበር፤ ሕዝብ የከፈለበትን ሥራ ከሕዝብ ፊት ማንሣት ነው ተብሎም ክፉኛ ተተችቷል። ነገር ግን ገደቡ የተጻፈው በታተመ ሕግ ውስጥ ነበር፤ ማን እንደጠየቀው፣ ማን እንዳጸደቀውና ለማን ጥቅም እንደታሰበ ይታወቅ ነበር። በዚህ ምክንያት ተቺዎቹ የሚይዙት ነገር አገኙ፤ ከአሥር ዓመት ክርክር በኋላም በግንቦት 2019 የሰባት ቀኑ ደንብ ላላ። ከባድ ሆኖ የታወቀ ገደብ ቀላል ሆኖ ከተሰወረ ገደብ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ሊሻር ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ማን ዘንድ ሄዶ መከራከር እንደሚገባ እንኳ አይታወቅም።

በግልጽነት ላይ የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎች መልስ ይሻሉ። አንደኛው የንግድ ምስጢር ነው፤ ብሮድካስተሩ የውሎቹን ዝርዝር ካወጣ በቀጣዩ ድርድር ይጎዳል ይባላል። ስለ ዋጋ ከሆነ ተቃውሞው ልክ ነው፤ ሆኖም ለአንድ ፊልም ስንት ፓውንድ እንደተከፈለ መግለጽና ያ ፊልም ለምን በሰባተኛው ቀን እንደሚዘጋ መግለጽ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የኋለኛው ተመልካቹ በየቤቱ የሚያየው ውጤት በመሆኑ ምስጢርነቱ ምክንያቱን ብቻ የሚሸፍን ነው። ሁለተኛው የደኅንነት ጥያቄ ነው፤ ስለ ቁልፉ መናገር ለሚሰብሩት መንገድ ይከፍታል ይባላል። ይሁንና ከታዳሚው የሚፈለገው የቁልፉ ቁጥር አይደለም፤ ቁልፉ ለምን እንደተደረገና ምን እንደሚከለክል ማወቅ ማንንም ሰርጎ ገብ አያስታጥቅም። ሦስተኛው ተቃውሞ ጉዳዩ ቴክኒካዊ ስለሆነ ተራው ተመልካች አይረዳውም የሚል ነው። የሊነክስ ተጠቃሚዎች አሃዝ ታሪክ ለዚህ በቂ መልስ ነው፤ ከታዳሚው መካከል ሁልጊዜም ጉዳዩን ከተቋሙ አብልጦ የሚያውቅ ይኖራል፣ የማያውቀውም ቢሆን በግልጽ ቋንቋ ሲነገረው የራሱን ጥቅም ይለያል።

ሕጉ ራሱ ያለው ክፍተትም መጠቀስ አለበት። በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የቢቢሲ ቻርተር ተቋሙ ከፍተኛ የግልጽነት ደረጃ እንዲጠብቅ ያዛል፤ በ2000 የወጣው የብሪታንያ የመረጃ ነፃነት ሕግም ቢቢሲን ይመለከታል። ይሁን እንጂ የመረጃ ሕጉ ለጋዜጠኝነት፣ ለኪነ ጥበብ ወይም ለሥነ ጽሑፍ ዓላማ የተያዘ መረጃን ከግዴታው ነፃ ያደርጋል። ይህ ነፃነት የጋዜጠኛን የመረጃ ምንጭ ከመጋለጥ ስለሚጠብቅ ሊከበር ይገባዋል፤ የቴክኖሎጂ ምርጫንና ከመሣሪያ አምራቾች ጋር የሚደረግን ስምምነት ለመሸፈን መዘርጋት ግን አይገባውም። ሕግ መልስ ባላስገደደበት ስፍራ የሕዝብ ተቋም በራሱ ፈቃድ መልስ መስጠቱ የሕዝብነቱ መለኪያ ነው።

እንግዲህ ተጨባጩ ግዴታ ምን ሊሆን ይገባል? ማንኛውም የሕዝብ ብሮድካስተር በፕሮግራሞቹ ላይ ቁልፍ ሲያደርግ በመጀመሪያ ምን እንደሚከለከልና ለስንት ጊዜ እንደሚከለከል በግልጽ ቋንቋ ያስታውቅ። ቀጥሎ ገደቡን የጠየቀው ማን እንደሆነ፣ ስሙ ባይገለጽ እንኳ የፊልም ኩባንያ፣ የስፖርት ማኅበር፣ የሙዚቃ ባለመብት ወይም የተቋሙ የራሱ አመራር መሆኑን ይለይ፤ የራሱ ያልሆነውን ውሳኔ የራሱ፣ የራሱ የሆነውንም የሌላ አስመስሎ አያቅርብ። ሦስተኛ፣ ውሳኔው የተመሠረተባቸውን አሃዞችና የተቆጠሩበትን ዘዴ ሰዎች ሊሞግቱት በሚችሉበት ጊዜ ያውጣ። አራተኛ፣ በገደቡ የሚቀሩት እነማን እንደሆኑ፣ በተለይ የማየት ወይም የመስማት ጉዳት ያለባቸው፣ መምህራን፣ አሮጌ መሣሪያ ያላቸውና ነፃ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ዜጎች ምን እንደሚያጡ አስቀድሞ መርምሮ ውጤቱን ያሳትም። አምስተኛ፣ ገደቡ እንደገና የሚታይበትን ቀን ከመጀመሪያው ይወስን፤ በዚያም ቀን ቁልፉ የታሰበለትን ዓላማ ማሳካቱን በማስረጃ ያሳይ፣ ካላሳየም ያንሣው።

ይህ ጉዳይ ከአማርኛ ተናጋሪው ታዳሚም የራቀ አይደለም። ቢቢሲ ራሱ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ አገልግሎት ይሰጣል። በኢትዮጵያም የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በአዋጅ ቁጥር 858/2006 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) እንደገና ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኗል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም (ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የባለመብቱን ጥቅም ሲያስከብር ግለሰብ ለግል ጥቅሙ እንዲቀዳ በገደብ ይፈቅዳል። ሕጉ የፈቀደውን ቴክኖሎጂው በዝምታ እንዳይነጥቅ ጥንቃቄ ማድረግ የሚቻለው አገልግሎቶች ወደ ኢንተርኔት በሚሸጋገሩበት በመጀመሪያው ወቅት ነው፤ የአሥርት ዓመታት ቅርስ የያዘ የድምፅና የምስል ማኅደር ያለው ተቋም ማኅደሩን ለሕዝብ ሲከፍት የትኛው ክፍል እንደሚከፈት፣ የትኛው እንደሚቆለፍና ለምን እንደሆነ አብሮ የሚገልጽ ደንብ ከመነሻው ቢያወጣ፣ ብሪታንያ በብዙ ክርክር የተማረችውን ያለ ክርክር ያገኘዋል።

የሕዝብ ብሮድካስተር ሀብቱ ስቱዲዮው ወይም የስርጭት ማማው ብቻ አይደለም፤ ዘወትር ማታ በየቤቱ የሚገባበት አመኔታ ነው። ይህ ተቋም ጋዜጠኞቹን ልኮ ባለሥልጣናትን፣ ኩባንያዎችንና ባለሀብቶችን ስለ ውሳኔያቸው ምክንያት ይጠይቃል፤ የተደበቀ ውልና ያልታየ ማስረጃ ሲያገኝም ሕዝብ የማወቅ መብት አለው ብሎ ያጋልጣል። በራሱ ውሳኔ ላይ ተመሳሳዩ ጥያቄ ሲቀርብለት የንግድ ምስጢር ብሎ በሩን ከዘጋ በሌሎች ላይ የሚያነሣው ጥያቄ ሁሉ ክብደቱን ያጣል። ስለሆነም ከሕዝብ ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ብሮድካስተር በፕሮግራሙ ላይ ለሚያደርገው እያንዳንዱ ቁልፍ የታተመ ምክንያት፣ የሚመረመር ማስረጃና የሚያበቃበት ቀን እንዲኖረው ታዳሚው ሊጠይቅ፣ ተቆጣጣሪው ሊያስገድድ፣ ሕግ አውጪውም ሊደነግግ ይገባል።